«ልብሱ የታለ?»

«አሜሪካ ላሉ ሰዎች ካናቴራ እሸጣለሁ» የሚል ልጅ ያለው ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልብሱ የታለ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤት ውስጥ ጣቃ ጨርቅ የለም፣ የስፌት መኪና የለም፣ ጥቅል ተሸክሞ ፖስታ ቤት የሚመላለስ ሰው የለም። ያለው ስልክ ብቻ ነው፤ ልጁም ማታ ማታ እሱ ላይ እንዳቀረቀረ ያመሻል። ይህን ያየ ወላጅ ወይ «ልጄ ተታለለ» ይላል፣ ወይ «ልጄ ሊያታልለኝ ነው» ብሎ ይጠረጥራል። ሁለቱም ላይሆን ይችላል፤ ሥራው በእርግጥ ያለ ሥራ ነውና።

በዚህ ሳምንት የምናነሣው ይህንኑ ነው። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ ከባኮ ወይም ከአምቦ ሆኖ የሚሞክረው ልጅ የት ላይ እንደሚሰናከል፣ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ወላጅና አያትም ምን መጠየቅና ምን ማዋጣት እንደሚችሉ እንመለከታለን።

ሲታዘዝ ብቻ የሚታተም

በገበያ ቀን በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋውን ልብስ ሰፊ አስቡት። ሱሪ ሰፍቶ፣ ሰቅሎ፣ ገዢ አይጠብቅም። ደንበኛው ይመጣል፣ ይለካል፣ ቀብድ ይከፍላል፤ መቀሱ ጨርቁን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ያልተሸጠ ሱሪ ታቅፎ አይከስርም።

የካናቴራው ንግድም መሠረቱ ይኸው ነው። ልጁ በስልኩ ወይም በኮምፒውተር አንድ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ያዘጋጃል። ያን ሥዕል ወደ አንድ የኢንተርኔት ገበያ ይልካል። ገበያው ሥዕሉን በካናቴራ ፎቶ ላይ አድርጎ ያሳያል። ሚኒያፖሊስ ወይም ለንደን ያለ ሰው ያየዋል፣ ቀለምና ቁጥር ይመርጣል፣ ይከፍላል። ያኔ እዚያው አካባቢ ያለ ማተሚያ ቤት አንድ ባዶ ካናቴራ አንሥቶ በጥጡ ላይ ቀለም በሚረጭ ማሽን ያትመዋል፣ ያሽገዋል፣ ለገዢው ይልከዋል። ከተከፈለው ዋጋ ላይ የማተሚያው፣ የመላኪያውና የገበያው ድርሻ ይቀነሳል። የቀረው ለሥዕሉ ባለቤት ይመዘገባል። ካናቴራው ባኮን ሳያያት ተሸጠ ማለት ነው።

ልዩነቱን ለማየት የታላቁን ሩጫ ካናቴራ አስታውሱ። ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ በየዓመቱ ሯጮቹ አንድ ዓይነት ካናቴራ ይለብሳሉ። እንዲህ በብዛት ሲታተም የአንዱ ዋጋ ይረክሳል፤ ግን አስቀድሞ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ይጠይቃል፣ የተረፈውም ኪሳራ ነው። በትእዛዝ ሲታተም የአንዱ ዋጋ ውድ ነው፤ የሚተርፍ ግን የለም።

የታወቁት ገበያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ሁሉንም ራሳቸው ይሠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ ሜልቦርን የተመሠረተው ሬድባብልና አማዞን እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው የካናቴራ አገልግሎት እንዲህ ናቸው። በሌላው ዓይነት ልጁ እንደ ኤትሲ ባለ ገበያ ሱቅ ይከፍትና ሱቁን ከማተሚያ ቤት ጋር ያገናኘዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በላትቪያ የተመሠረተው ፕሪንትፉል ከእነዚህ ማተሚያ ቤቶች አንዱ ነው። ልጃችሁ ከእነዚህ አንዱን ስም ቢጠራላችሁ የፈጠረው ነገር አይደለም።

ዘሩ ከባኮ፣ አዝመራው ከሌላ አገር

ባኮ ይህን ንግድ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ይህች ከተማ በገበሬው ዘንድ ስሟ የሚነሣው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ቢኤች-660 እና ቢኤች-540 በሚባሉት የበቆሎ ዘሮች ስም ውስጥ ያለው «ቢ» ባኮ ማለት ነው፤ «ኤች» የተዳቀለ ዘር መሆኑን ያመለክታል። ቢኤች-660 እ.ኤ.አ. በ1993 ከተለቀቀ ወዲህ ባኮን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የጎጃም ገበሬ ሳይቀር ዘርቶታል። በቆሎው የበቀለው ሌላ ቦታ ነው፤ ከባኮ የወጣው ዕውቀቱ ነው።

የካናቴራው ሥዕልም ዘር ነው። ከቤታችሁ የሚወጣው ጨርቅ ሳይሆን ሐሳብ ነው። ስለዚህ ልጁ ከእናንተ የሚፈልገው ዋና ነገር ገንዘብ አይደለም፤ «ይህን ሥራ ለመጀመር በሬውን እንሽጥ» የሚል ካለ አንድ ቦታ ላይ ስሕተት አለ። የሚፈልገው ዘሩን ነው፤ ማለትም እናንተ የምታውቁትንና እሱ በወጉ ያልጠየቃችሁን።

ጨርቅ ድንበር ሲያቋርጥ

የአገራችንን ሥራ በኢንተርኔት ለውጭ ገዢ መሸጥ ራሱ አዲስ አይደለም። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር የመሠረቱት ሶልሬብልስ ከአሮጌ ጎማ ሶል የሚሠሩ ጫማዎቹን በኢንተርኔት ጭምር ለውጭ ገዢዎች ሸጧል። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመሩት «ለምለም» የተሰኘ ድርጅትም በኢትዮጵያ ሸማኔዎች እጅ የተሠራ ልብስ ለዓለም ገበያ አቅርቧል። እነዚህ ሥራዎች ለሸማኔውና ለጫማ ሠሪው እንጀራ ሆነዋል። በትእዛዝ የሚታተመው ካናቴራ ይህን አያደርግም፤ ማሽኑም፣ ጨርቁም፣ ሠራተኛውም ሌላ አገር ናቸው። ይህ መታወቅ አለበት።

በሌላ በኩል ጨርቅ ድንበር ሲያቋርጥ ችግር አያጣውም። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን የመሳሰሉ ልብስ ሰፍተው ወደ አሜሪካ የሚልኩ ቦታዎች ተጎድተዋል። ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ዋጋቸው እስከ 800 ዶላር ለሆነ ትናንሽ እሽጎች ትሰጥ የነበረውን የቀረጥ ነፃ መብት ለሁሉም አገር አቁማለች። ከሽሮ ሜዳ በፖስታ የተላከች አንዲት ነጠላም በዚያ በር ታልፋለች። አሜሪካ ውስጥ ታትሞ እዚያው የሚሸጥ ካናቴራ ግን በጉምሩክ በር አያልፍም። ልጁ ማተሚያ ቤት ሲመርጥ ገዢው ካለበት አገር የሚያትመውን እንዲመርጥ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ገዢው ማን ነው? የሚወደውስ ምን?

የመጀመሪያው ገዢ ብዙውን ጊዜ በውጭ የሚኖረው ወገናችን ነው። «ሐበሻ» ወይም «ኦሮሞ» ብሎ በእነዚህ ገበያዎች የፈለገ ሰው ብዙ ካናቴራ ያገኛል። አብዛኛው ግን ይመሳሰላል፤ ባንዲራ፣ ካርታ፣ አንበሳ፣ ጀበና። ሁሉም የሚሸጠውን የሚሸጥ ልጅ የሚወዳደረው ከእሱ ቀድመው ከጀመሩትና ለማስታወቂያ የሚከፍሉት ገንዘብ ካላቸው ጋር ነው።

ልዩነት የሚመጣው ከቤት ነው። አያት የሰፉት ሰፌድ ላይ ያለው ክብ በክብ የሚሄድ ጥለት በማንም ገበያ ላይ የለም። ልጁ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ መስመሩን ሊከተለው፣ ቀለሙን ሊያወጣው ይችላል። በቆሎ ጥብስ፣ የባኮ ገበያ፣ የጊቤ ሸለቆ፣ አያት ልጅ ሲመክሩ የሚሏት ተረት፣ አገሩን የናፈቀ ሰው አይቶ ፈገግ የሚልበት ነገር ሁሉ ዘር ነው። ሚኒሶታ ተወልዶ ያደገ የልጅ ልጅ «ይህን አያቴ ትለው ነበር» የሚልበት ካናቴራ ከመቶ አንበሳ ይበልጣል።

በአፋን ኦሮሞ የሚጻፍ ጽሑፍ በላቲን ፊደል ስለሆነ ለማተም አያስቸግርም። የግዕዝ ፊደል ግን ማተሚያ ቤቱ ጋ ሲደርስ እንዳይበላሽ ጽሑፉ ወደ ሥዕልነት ተቀይሮ መላክ አለበት። ለዚህ በነፃ የተፈቀዱ የፊደል ቅርጾች አሉ፤ «አቢሲኒካ» እና «ኖቶ» የሚባሉትን መጥቀስ ይቻላል። ዛሬ ዛሬ ልጆች በቃል አዝዘው ኮምፒውተር እንዲሥልላቸው ያደርጋሉ። ይህ ዘዴ ፊደላችንን ብዙ ጊዜ ያዛባዋል፤ «ሀ»ን የመሰለ ግን «ሀ» ያልሆነ ነገር ያመጣል። ከመላኩ በፊት ፊደል የለየ ታላቅ ሰው ያንብበው። አንድ የተሳሳተ ፊደል በሃምሳ ሰው ደረት ላይ ከወጣ በኋላ አይመለስም።

የምልክቶችን ትርጉም መጠየቅም የቤተሰብ ድርሻ ነው። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው የክብሯና የመብቷ ምልክት ነው፤ ጌጥ ብቻ አይደለም። የኦዳ ዛፍም ከገዳ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው፤ ገዳን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ልጁ ይህን ሥሎ ከሥሩ ቀልድ ሊጽፍበት ከሆነ «ይሄ ለቀልድ አይሆንም» ማለት ያለበት በቤት ውስጥ የሚያውቀው ሰው ነው።

ጊዜም አለው። መስከረም 1፣ ኢሬቻ፣ ገና፣ የዓድዋ በዓል፣ እንዲሁም በሰሜን አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ በየዓመቱ በክረምት የሚሰበሰቡበት የስፖርት በዓል ሰው ካናቴራ የሚፈልግባቸው ወቅቶች ናቸው። ታትሞ እስኪደርስ ቀናት ስለሚወስድ ሥዕሉ ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ገበያ ላይ መውጣት አለበት። የዓመት በዓል በግ ለመሸጥ የበዓሉን ማግስት የሚጠብቅ የለም።

ሥዕሉ የማን ነው?

ምዕራብ ሸዋ የሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን አገር ነው። አንድ የአምቦ ልጅ ከግጥማቸው አንድ ስንኝ ካናቴራ ላይ ቢያሳትም «ፍቅሩን ገለጸ እንጂ ምን አጠፋ?» ሊባል ይችላል። ሕጉ ግን ሌላ ይላል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሎሬት ፀጋዬ ያረፉት በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ሥራቸው እስከ 2048 ዓ.ም. የወራሾቻቸው ነው። ያለ ፈቃድ መሸጥ አይቻልም።

የሰው ፊትም እንዲሁ ነው። የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ ምስሉ ያለበት ካናቴራ በአገር ቤትም በውጭም በብዙ ሰው ላይ ታይቷል። ለሐዘን መልበስ አንድ ነገር ነው፤ የሟችን ፊት ለትርፍ መሸጥ ሌላ ነው፤ ቤተሰብ አለው። በአሜሪካ የቦብ ማርሌ ቤተሰብ ድርጅት ምስሉን ያለ ፈቃድ ካናቴራ ላይ አትመው የሸጡ ነጋዴዎችን ከስሶ ረትቷል፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ፍርዱን አጽንቷል። የስፖርት ክለብ ዓርማ፣ የካርቱን ፊልም ገጸ ባሕርይ፣ የታዋቂ ሯጭ ፎቶ ሁሉ ባለቤት አላቸው።

ልጁ ባኮ ሆኖ ማን ያየኛል ብሎ ያስብ ይሆናል። የሚያየው ገበያው ነው። አቤቱታ ሲመጣ ሥዕሉ ይወርዳል፤ ሲደጋገም ሱቁ ይዘጋል፤ ያልወጣው ገንዘብም ሊያዝ ይችላል። የወራት ልፋት በሰው ሥዕል ምክንያት ባንድ ቀን ይጠፋል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በኤትሲ ላይ አንድ ካናቴራ በ25 ዶላር ተሸጠ እንበል። የማተሚያውና የመላኪያው ዋጋ አንድ ላይ 17 ዶላር ቢሆን 8 ዶላር ይቀራል። ኤትሲ ከሽያጩ 6.5 በመቶ ይወስዳል፤ 1 ዶላር ከ63 ሳንቲም ነው። ሱቁ አሜሪካ ውስጥ ከሆነ ለክፍያ አገልግሎት 3 በመቶና 25 ሳንቲም፣ ማለትም 1 ዶላር ይቆረጣል። ዕቃውን ለማውጣት ደግሞ 20 ሳንቲም አለ። የቀረው 5 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነው። ገዢው የመጣው ኤትሲ በሌሎች ድረ ገጾች ባወጣው ማስታወቂያ ከሆነና ትንሹ ሱቅ ከዚያ አገልግሎት ራሱን ካላስወጣ ሌላ 15 በመቶ ይሄዳል፤ ትርፉ ወደ 1 ዶላር ከ42 ሳንቲም ይወርዳል።

ሳይሸጥ የሚወጣም ገንዘብ አለ። ያቺ የ20 ሳንቲም ክፍያ የምታገለግለው ለአራት ወር ብቻ ነው። ሃያ ሥዕል ያወጣ ልጅ አንድም ሳይሸጥ በየአራት ወሩ 4 ዶላር ይከፍላል። ትንሽ ናት፤ ግን «ምንም ወጪ የለውም» የሚለውን ወሬ ታስተካክላለች።

አማዞን ላይ የማውጫ ክፍያ የለም። ግን አመልክቶ መፈቀድ ያስፈልጋል፤ የተፈቀደለትም የሚጀምረው በ10 ሥዕል ብቻ ነው። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸው አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው ላይ ከልጁ ድርሻ 30 በመቶ ለአሜሪካ መንግሥት ተቀንሶ ይቀራል። ከ4 ዶላር 2 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይደርሰዋል ማለት ነው። ገቢው በአገር ቤትም ግብር አለው፤ መጠኑ ከፍ ሲል የወረዳውን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ከኋላ ጣጣ ያድናል።

እነዚህ ቁጥሮች የሚነግሩን ሥራው የወር ደሞዝ የሚተካ ሳይሆን በትንሽ በትንሹ የሚጠራቀም መሆኑን ነው። በወር አሥር ካናቴራ የሸጠ ልጅ በምሳሌያችን 50 ዶላር አካባቢ ያገኛል። ለአንድ ተማሪ ትንሽ አይደለም፤ ግን ትምህርት የሚያስጥልም አይደለም።

ገንዘቡ ባኮ እንዴት ይደርሳል?

ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ኤትሲ አዲስ ሱቅ የሚፈቅደው የራሱ የክፍያ አገልግሎት በሚሠራባቸው አገሮች ላሉ ሰዎች ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ከእነዚያ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ልጁ ሥዕል ከመጀመሩ በፊት መልስ ማግኘት ያለበት ጥያቄ «ይህ ገበያ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው በምን መንገድ ይከፍላል?» የሚለው ነው። አንዳንዶቹ ገንዘቡን በአገራችን በውጭ ሥራ የሚተዳደሩ ወጣቶች በሚያውቁት እንደ ፔዮኒር ባለ አገልግሎት በኩል ይልካሉ፤ ከዚያ ወደ ባንክ ይዞራል። መልሱ ካልተገኘ ሥዕሉ ቢሸጥም ገንዘቡ እዚያው ይቀራል።

ባንኩ ጋ ሲደርስ ያለው ሁኔታ ከቀድሞው ተሻሽሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በሕጋዊ መንገድ የሚመጣ ዶላር ድሮ እንደነበረው ግማሽ ዋጋውን የሚያጣ አይደለም። ከመንገድ መንዛሪ ጋር መነካካት ለልጅ የሚመከር አይደለም፤ አስፈላጊም አይደለም።

ስምም ያጣላል። የውጭው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለን። በገበያው ላይ፣ በክፍያ አገልግሎቱና በባንኩ ያለው ስም ልክ በመታወቂያው እንደተጻፈው፣ ፊደሉ ሳይለወጥ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በአንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ልዩነት ገንዘብ ሊታገድ ይችላል። ዕድሜም አለ፤ የክፍያ አገልግሎቶች በአብዛኛው 18 ዓመት የሞላው ሰው ይጠይቃሉ። ልጁ ካልሞላው በወላጅ ስምና በወላጅ እውቅና መሆን አለበት እንጂ ዕድሜ ጨምሮ መሙላት መዘዝ አለው።

ሌላው መንገድ ውጭ ያለ ዘመድ ነው። አክስት ወይም አጎት በራሳቸው ስም፣ በሚኖሩበት አገር ሕግ ሱቁን ይከፍታሉ፤ ልጁ ሥዕሉን ይሠራል፤ ትርፉን ይካፈላሉ። መልካም መንገድ ነው፤ ግን ግብሩ በአክስት ላይ እንደሚመጣ፣ ገዢ ሲያማርር መልስ የሚሰጡት እሳቸው እንደሆኑ መታወቅ አለበት። ስንት በመቶ ለማን እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ እንደሚላክ፣ ሱቁ ቢዘጋ ሥዕሎቹ የማን እንደሚሆኑ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። አያቶች ምስክር ሆነው ቢፈርሙ ደስ ይላል። እንደ ባዳ ተሳስቦ እንደ ዘመድ መዋደድ ይሻላል፤ በ50 ዶላር የተቀያየመ ቤተሰብ በ5,000 አይታረቅምና።

«ገንዘብ አምጡ» የሚል ሲመጣ

እውነተኛው ገበያ ገንዘቡን የሚያገኘው ካናቴራ ከገዛ ሰው ነው። የሐሰተኛው ገቢ ከእናንተ ኪስ ነው። ይህን አንድ መለያ የያዘ ወላጅ አብዛኛውን ማጭበርበር ይለየዋል።

በታዋቂ ገበያ ስም የተሠራ ነገር ግን የእነሱ ያልሆነ መተግበሪያ አለ፤ መጀመሪያ ገንዘብ አስገቡ፣ በየቀኑ ትርፍ ይከፈላችኋል ይላል። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ያድጋል፤ ለማውጣት ሲጠየቅ ግን «ግብር ክፈሉ»፣ «ደረጃ አሳድጉ» እያለ ሌላ ገንዘብ ይጠይቃል። ሰው ባመጣችሁ ቁጥር ጉርሻ የሚል ካለበት ንግዱ ካናቴራ ሳይሆን ሰው ነው። ሌላው «የተረጋገጠ አካውንት እንሸጥላችኋለን» የሚለው ነው። በሌላ ሰው ስም የተከፈተ ሱቅ መግዛት ከገበያዎቹ ደንብ ውጭ ነው፤ ሲታወቅ ይዘጋል፣ ገንዘቡም ከልጁ ጋር ሳይሆን ስሙ ካለበት ሰው ጋር ይቀራል። ሦስተኛው ውድ ኮርስ ነው። ሥዕል መሥራት መማር ጥሩ ነው፤ ግን «በሦስት ወር ሺህ ዶላር» እያለ ቃል የሚገባ አስተማሪ ካናቴራ ከመሸጥ ይልቅ ኮርስ መሸጥ አዋጥቶት ሊሆን ይችላል። ገበያዎቹ ራሳቸው መመሪያቸውን በነፃ አስቀምጠዋል፤ እንደ ካንቫ ያለው የሥዕል መሥሪያም በነፃ የሚሠራበት መንገድ አለው።

ትዕግሥት፣ ኔትወርክና ትምህርት

ይህ ሥራ በሌላ ሰው ግቢ የሚሠራ ነው፤ ባለግቢው ደንቡን ሊቀይር ይችላል። ሬድባብል እ.ኤ.አ. በ2023 ሻጮችን በደረጃ ከፍሎ ከታችኛው ደረጃ ሻጮች ላይ የአካውንት ክፍያ መቁረጥ ጀምሯል። ብዙዎች ትርፋቸው ቀንሷል። ስለዚህ ልጁ የሥዕሎቹን ዋና ቅጂ በራሱ ዘንድ ያስቀምጥ። አንድ ገበያ ቢዘጋ ዘሩ እጁ ላይ ካለ ሌላ ቦታ ይዘራዋል።

ኔትወርክም አለ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር አንዘነጋም። በዚህ ሥራ ልጁ ከመስመር ውጭ ቢሆንም ማተሚያ ቤቱ ማተሙን አያቆምም፤ ያ አንድ ጥቅሙ ነው። የገዢ ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ይቆያል፤ ቅሬታ ይጽፋል። በራሱ ሱቅ የሚሠራ ልጅ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ ያለ የሚታመን ሰው ቢኖረው ይረዳዋል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም ሳይሸጥ ሊያልፉ ይችላሉ። ያኔ «አልኩህ አይደል?» የሚለው ቃል ልጁን ወደ ድብቅ ሥራ ይገፋዋል፤ ድብቅ ሥራ ደግሞ ለአጭበርባሪ የተመቸ ነው። የሚሻለው ሰዓት መወሰን ነው፤ ትምህርት አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ ካናቴራም በሰዓቱ። ሥራው ሳይሳካ ቢቀር እንኳ ሥዕል መሥራት፣ ሂሳብ መያዝ፣ ለማያውቁት ሰው በጨዋነት መጻፍ ልጁ ጋ ይቀራል።

ለልጃችሁ የምታቀርቧቸው ጥያቄዎች

እንደ ፖሊስ ምርመራ ሳይሆን ቡና ተፈልቶ፣ ስልኩን ከፍቶ እያሳያችሁ ጠይቁት።

ሥዕሉን ማን ሠራው? ፊቱ፣ ስንኙ፣ ዓርማው የሌላ ሰው አይደለም?

ገበያው ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው በምን ይከፍላል? ስሙስ ከመታወቂያው ጋር አንድ ነው?

ከአንዱ ካናቴራ ላይ ሁሉም ከተቀነሰ በኋላ ስንት ይቀራል? ወረቀት ላይ አስላልኝ።

ለመጀመር ገንዘብ የጠየቀ ሰው አለ? ማን ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ የእናንተ ሳይሆን የእሱ ነው፤ እንዲጠይቃችሁ አበረታቱት። የሰፌዱ ጥለት ስሙ ማን ነው? ይህ ተረት ሙሉው እንዴት ነው? ሲንቄ ለምን ይያዛል? ካናቴራው ቢሸጥም ባይሸጥም ልጁ ይህን ከእናንተ መስማቱ ትርፍ ነው።